በኦቦ ዩያ እርከን ላይ የተሰቀለ ጨርቅ

ኅዳር 7፣ እሑድ። ከሰዓት በኋላ

ዛሬም ጠፋን። ሐኪም ከሚባለው ጋራ ጀርባ፣ በሁለት ገደል መካከል። ኮምፓሱ በእጄ፣ ካርታው በእጄ፣ ጥፋቱም በእጄ። ኦብሳ እንደ ፍየል ድንጋይ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። አይናገርም። የስፖርት መምህር ነው፤ ሰው ሲደክም ዝም ማለትን በኮርስ የወሰደ ይመስለኛል። ራምላ ግን ትናገራለች። መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪና ሲንጫጫባት ስለምትውል ድምፅ ዝቅ ማድረግ አታውቅም። ወላሂ እትዬ አስካለ፣ ይሄንን ዛፍ ቅድምም ሰላም ብለነዋል፣ አለችኝ። እውነቷን ነው። ያው ዛፍ ነው።

ደብተሬ፣ ስለዚህ ስፖርት በወጉ ነግሬህ አላውቅም። ኦሪየንቴሪንግ ይባላል። ካርታና ኮምፓስ ይሰጡሃል፤ ዱር ለዱር ጨርቅ የተሰቀለበትን ቦታ እየፈለግህ ትሮጣለህ፤ ስታገኘው እዚያው በታሰረው መብሻ ካርድህን በስተህ ወደሚቀጥለው። የእኛ ረጅሙ ዓይነት ነው፤ ማለዳ ተጀምሮ ከሰዓት የሚያልቅ። ቡድኑ ሦስት ሰው ነው። ሦስቱም ጨርቁ ሥር ካልቆሙ አይቆጠርም። ስለዚህ የቡድኑ ፍጥነት የሚባለው የእኔ ፍጥነት ነው። ከሦስቱ አንዱ ከአርባ ዓመት በላይ ይሁን ይላል ደንቡ። የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠርቶ ዕድሜዋን ያልደበቀች አንዲት ሴት ተገኘች።

አሠልጣኛችን ሻምበል ደምሴ ናቸው። ጡረታ ወጥተዋል። ካርታ ማንበብ ወታደር ቤት ተምረው፣ የሚያስተምሩት ሰው አጥተው ኖረው፣ በመጨረሻ እኛ ደረስንላቸው። ዛሬ አቧራ ለብሰን ስንመለስ ጠፍታችሁ ነበር ወይ አላሉም። የት እንደጠፋችሁ ካርታው ላይ አሳዩኝ አሉ። የጠፋሁበትን ባውቀው እንዴት እጠፋለሁ? ይህን ጮክ ብዬ አላልኩም። ሻምበል ናቸው።

ፈላና በር፣ ቤቴ ስደርስ እግሬ ደረጃ አልወጣም አለ። አከራዬ አይታኝ ማን መታሽ ብላ ጠየቀች። ጤና ነው አልኳት።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ሹመት አገኘሁ። ጨርቅ ሰቃይ።

ሻ/ል መፈለጉ እስኪገባሽ መስቀሉን ተማሪ አሉ። ጨርቁን የሰፋችው ራምላ ናት፤ ግማሹ ብርቱካንማ፣ ግማሹ ነጭ። ከሰርግ ድንኳን የተረፈ ነው። ልምምዱ በኦብሳ ሰፈር ይሁን ተባለ፤ ከከተማው ዳር፣ የአባቱ የጫት እርከኖች ያሉበት። ላይኛው፣ መካከለኛው፣ ታችኛው፤ ሦስቱም በድንጋይ ካብ የተያዙ። ኦብሳ ቤት ነግሬአለሁ አለ።

ከቢሮ እንደወጣሁ በባጃጅ ሄድኩ። ላይኛው እርከን ካብ ላይ እንጨት ሰካሁ፣ ጨርቁን አሰርኩ፣ ካርታዬን ዘርግቼ አየሁ፣ በኮምፓስ አረጋገጥኩ። ልክ ነው። ካርታው ያለው ቦታ ላይ ራሴን አገኘሁት። እንዲህ ያለ ደስታ ከደመወዝ ጭማሪ በቀር በሌላ ነገር አግኝቼ አላውቅም፤ የደመወዝ ጭማሪም አግኝቼ አላውቅም። ጫቱ ከወገቤ በላይ ነው፤ ቅጠሉ ቀላ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ። ከሩቅ አንዲት ሴት ማገዶ ተሸክማ ቆማ ታየኛለች። እጄን አነሳሁላት። አላነሳችም።

ኅዳር 14፣ እሑድ። አመሻሽ

ጨርቁ የለም። እንደገና መንገድ የሳትኩ መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ኦብሳ ክንዴን ያዘ። እኛ አልጠፋንም። ቦታው ነው የጠፋው።

ላይኛው እርከን ቀይ አፈር ሆኗል። ጫቱ ከነሥሩ ተነቅሎ ዳር ተከምሯል። ሰዎች በደቦ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ቋሚ ይተክላሉ። መካከላቸው ሽርጥ የታጠቁ፣ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ቆመዋል። ኦቦ ዩያ። የኦብሳ አባት።

ኦብሳ በኦሮምኛ ጠየቃቸው። መልሱ አጭር ነበር፤ ራምላ በጆሮዬ ተረጎመችልኝ፤ በእሷ ድምፅ “በጆሮዬ” ማለት ለሰፈሩ ሁሉ ማለት ነው። መንግሥት መሬቱን ሊለካ ምልክት አድርጓል። ከተማው ሊሰፋ ነው። የማሳ ካሳ ትንሽ፣ የቤት ካሳ ሻል ያለ ነው ይባላል። ስለዚህ ለኪዎቹ ሳይመጡ ቤት። ሌላው ሰው በሌሊት ተደብቆ የጨረቃ ቤት ይሠራል፤ ኦቦ ዩያ በጠራራ ፀሐይ። የሌባ ሥራ አልሠራም ብለዋል።

ምልክቱን ማን አደረገው አልን። አንዲት ሴት አይታ ነግራቸዋለች። መነጽር ያደረገች፣ ትልቅ ወረቀት የያዘች፣ በእጇ ሰዓት የሚመስል ነገር እያየች አራቱን ማዕዘን የዞረች የመ/ቤት ሰው።

መነጽሬን አወለቅሁ። ምን እንደሚጠቅም አላውቅም።

ኦቦ ዩያ ጨርቁን ከደረት ኪሳቸው አጣጥፈው አወጡ። ታጥቧል። የመንግሥት ንብረት ነው፣ ጠፋ ተብሎ እንዳንጠየቅ ብለው ነው። በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። በአማርኛ እርስዎ አሉኝ፤ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው። ሰው ካለቅጥ ሲያከብርህ ፈርቶህ ነው፤ ይህን ያነበብኩበት መጽሐፍ የለም፣ ዛሬ ገባኝ።

ኦብሳን ነግሬአለሁ አላልክም ወይ አልነው። እናቱን ነግሯት ነበር። እሷ ደግሞ ባሏን ተቀምጠው ጫት ሲቅሙ አገኘቻቸው፤ በጨርቅ ወሬ አልረብሻቸውም ብላ ተወችው።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ጾም ገባ። ሽሮዬን በልቼ ከራምላ ጋር ተመልሼ ሄድኩ። ላስረዳቸው።

ደብተሬ፣ ማስረዳት የሚባለውን ነገር ተወው። ጨዋታ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው ይሮጣል፣ ጨርቅ ያገኛል፣ ካርድ ይበሳል አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ስብሰባ ላይ እንደተቀመጠ ገበሬ ለሁሉም ይነቀንቃሉ። ጥቅሙ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። አእምሮንና አካልን ያዳብራል አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔም ሰማሁት፤ ልክ በድምፅ ማጉያ የሚነገረውን ይመስላል።

በዚህ አላቆምኩም፤ ማቆም ነበረብኝ። ካርታውን ዘረጋሁላቸው። ጨዋታ መሆኑን ለማሳየት። ጎንበስ ብለው አዩት። ጣታቸው ወንዙን ይዞ ወጣ፣ ካቡን አገኘ፣ ማሳቸው ዳር ያለው ዋርካ ላይ ቆመ። በካርታው ላይ ዋርካው ትንሽ አረንጓዴ ክብ ነው።

“ጨዋታ ከሆነ የእኔ ዛፍ ወረቀታችሁ ላይ ምን ይሠራል?” አሉ።

ዕድሜዬን በመጻሕፍት መካከል ጨርሻለሁ። ካርታውን ማጣጠፍ ጀመርኩ። ራምላ እንኳ ዝም አለች፤ ይህን ያስተዋለ የሰፈር ሰው ነገሩ መክፋቱን አወቀ።

ልጃቸውስ ቢነግራቸው? ነግሯቸዋል። ኦብሳ የመንግሥት መምህር ነው፤ እንዳይናገር ታዝዞ ነው፣ አልፈርድበትም ብለዋል። እንዲያውም ደመወዙ እንዳይነካበት ሰው ፊት አትጠይቁት ብለው ጎረቤት አስጠንቅቀዋል።

የቀረው ሁለት እርከን ነው። የላይኛው ቤት ቆርቆሮ ሲለብስ መካከለኛው ይነቀላል፤ እዚያ ላይ በኦብሳ ስም ሌላ ቤት። ታችኛው በመጨረሻ። ታችኛውን የተከሉት ኦብሳ የተወለደ ዓመት ነው፤ የተማረውም በእሱ ነው። ጫት ተተክሎ እጅ እስኪገባ ዓመታት ይፈጃል። ሽማግሌው ዓመታት እንደሌላቸው ያውቃሉ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

መሬትን የሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። አንዱ ወደ አንዱ ላከኝ፤ ያለ ካርታ የተደረገ ኦሪየንቴሪንግ ነበር። በመጨረሻ አንድ ትሑት ወጣት ተገኘ። ቦታውን ነገርኩት። መዝገብ አየ፣ ኮምፒውተር አየ፣ ጓደኛውን ጠየቀ። እዚያ ምንም ዕቅድ የለም አለኝ። ልስመው ነበር።

ለጊዜው፣ ብሎ ጨመረ።

ምንም ዕቅድ የለም የሚል ወረቀት ስጠኝ አልኩት። ወረቀት የምንሰጠው ላለ ነገር ነው፣ ለሌለ ነገር አይደለም አለ። ልክ ነው። ተከራክሬ የማሸንፈው ሰው አይደለም። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ የቆመ ሰው ስለ የትኛው ቦታ ነው የጠየቅሽው አለኝ፤ በጥሩ ፈገግታ። ነገርኩት። ደግ ሰው መስሎኝ።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ደላላ ነበር።

ባለፈገግታው ሰውዬ ዓርብ ዕለት የኦቦ ዩያ ሰፈር ታየ። የሚሸጥ አለ ወይ ብሎ ጠይቆ ሄደ። ሌላ አልተናገረም፤ አያስፈልግምም። ዛሬ ለልምምድ ስንደርስ ከኦቦ ዩያ በላይ ያለው ጎረቤት ይነቅላል። ከእሱ ማዶ ያለው ይነቅላል። የሚነቅሉት በኀዘን አይደለም፤ በጥድፊያ ነው። ዩያ የሚያውቀው ነገር አለ፣ ልጁ የመንግሥት ሰው ነው ይባባላሉ።

እንዲህ እያየን ረጅሙን ልምምድ ሮጥን። ምን እናድርግ? ሻ/ል ዛሬ አውራ ጣት ነበር ያስተማሩን። ያለሽበት ቦታ ላይ አውራ ጣትሽን አሳርፊ፤ አንድ እርምጃ ስትሄጂ እሱም ይሂድ፤ ከካርታው ላይ ካላነሳሽው አትጠፊም። አላነሳሁትም። አልጠፋሁም። ወንዙን ይዤ ወረድኩ፣ ካቡን ይዤ ወጣሁ፣ ጨርቆቹ አንድ በአንድ እጃቸውን ሰጡ። ኦብሳ እንኳ በርቺ አለኝ።

ታዲያ ጨርቅ ባገኘሁ ቁጥር ማን እንደሚያየኝ ዞር ብዬ አያለሁ። ማግኘት የተማርኩት የማገኘውን ነገር መጥላት ከጀመርኩ በኋላ ነው። ሁሉንም አውርደን በሻ/ል ማዳበሪያ ከረጢት ይዘን ሄድን። አንዲት ሴት አየችን። ማታ ሰፈሩ ምልክቱን ነቅለው ወሰዱ፣ ልኬቱ አለቀ ማለት ነው ብሎ ያድራል።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ራምላ ሱቅ ተሰበሰብን። እሷ ደጁ ላይ ተቀምጣ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች፣ እኛ እንመክራለን። ሻ/ል ትጥቅ በሌለበት ውጊያ ማፈግፈግም ስልት ነው አሉ። ወዴት እንደምናፈገፍግ አልነገሩንም።

ሐሳቡን ያመጣው ኦብሳ ነው። ከእሑድ በኋላ ቢሆን አይሠራም አለ፤ ቆርቆሮው ሐሙስ ይገባል፣ መካከለኛው ሰኞ ይነቀላል። እሑድ የምንዘጋጅበት ውድድር ነው። ከድሬዳዋ፣ ከጂጂጋ፣ ከሐሮማያ ቡድኖች ይመጣሉ። አባቴ መጥቶ መጨረሻው ላይ ይቀመጥ፤ ትልልቅ ሰዎች ለጨርቅ ሲሮጡ በዓይኑ ይይ። በቃል ያላመነውን በዓይኑ ያምናል።

እኔ ደግሞ ሽማግሌ ተቀምጦ የእኔን ሩጫ ሲያይ ማየት አላሰኘኝም። ግን ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ሄደን ጠየቅናቸው። ብዙ አሰቡ። እመጣለሁ፣ እስከዚያ መካከለኛውን አልነካም፣ ኢንሻአላህ አሉ። ስንት ሰዓት እንደምንደርስ ጠየቁ። ኦብሳ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አለ። ለምን ወደ እኔ እያየ እንደተናገረ ይገባኛል።

ኅዳር 28፣ እሑድ። ማታ

ተጋድሜ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴን ታገስልኝ። ከመጀመሪያው።

ማለዳ ከአዲሱ ከተማ ዳር ተነሳን። የመጀመሪያውን አገኘን። ሁለተኛውን አገኘን። የድሬዳዋዎቹ እንደ ሚዳቋ አለፉን፤ ከመካከላቸው አንዱ እናት አይዞሽ አለኝ። ከአርባ በላይ የሆነው የእነሱ ሰው እሱ ነው።

ሦስተኛው ጨርቅ ከአንድ ሰፊ የጫት ማሳ ወዲያ ነበር። ቀጥታው መንገድ በጫቱ መካከል። ማሳው ውስጥ ጎንበስ ያለ ሰው ቀና ብሎ አየን። ካርታው በእጄ ነው። ቆምኩ። እውነቱን ለአንተ እነግርሃለሁ፤ ያንን ሰው በወረቀቴና በመነጽሬ ልቀርበው አልቻልኩም። በወንዙ እንዞራለን አልኳቸው። ኦብሳ ገባው፣ ዝም አለ። ራምላም ገባት፣ ዝም አላለችም።

ወንዙ ወደ ሌላ ሸለቆ ወሰደን። ከዚያ ወደ ሌላ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ውኃችን አለቀ። ራምላ ድንጋይ ከድቷት ቁርጭምጭሚቷ ዞረ፤ ጮኸች፣ ከዚያ ስለ ጩኸቷ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ቁጭ አልኩ። አውራ ጣቴ ካርታው ላይ አልነበረም። ከመቼ ጀምሮ እንዳልነበረ ግን አውቀዋለሁ። ከዚያ ማሳ ዳር። የጠፋሁበትን ቦታ በትክክል ማሳየት እችል ነበር፤ የሚጠይቅ ሰው አጣሁ እንጂ።

ተመለስን። በማሳው መካከል ገባን። ሰውዬው አላባረረንም፤ ኦብሳ ሰላምታ ሰጠው፣ ጨርቅ እንደምንፈልግ ነገረው። ሰውዬው በእጁ ወደ ቁጥቋጦው ጠቆመ። ፍየሎቹ ሳይበሉት ድረሱ አለ። ይኸው ነው። ሰዓታት የሸሸሁት ይህንን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ራምላ በእኔና በኦብሳ ትከሻ መካከል። ሌሎቹ ሁሉ እንደጨረሱ እናውቃለን፤ አንደኛው ቡድን በአስፋልቱ በሚኒባስ እየዘፈነ አልፎናል። የመጨረሻውን ጨርቅ በስተን መንገድ ዳር ስንወጣ ባጃጅ ቆመ። ሾፌሩ አይቶን አዘነ። ሜዳው ድረስ በነፃ አደርሳችኋለሁ አለ። ራምላ በሩን ይዛለች። ወላሂ ውድድሩ አልቋል፣ ዳኛ የለም፣ ማንም አያየንም አለች።

“አባቴ ያያል” አለ ኦብሳ።

ባጃጁ ሄደ።

ስንደርስ የአስር ሰላት አልፏል። ሜዳው ባዶ ነው። ባነሩ ወርዷል፣ ገመዱ ተጠቅልሏል፣ ዳኞቹ ሄደዋል። የውኃ ላስቲክ በነፋስ ይንከባለላል። በአንድ ድንጋይ ላይ ሻ/ል፣ በሌላው ኦቦ ዩያ። ሻ/ል ከመቀመጫቸው ተነሱ። ኦቦ ዩያ አልተነሱም። ከሩቅ ጀምረው ሲያዩን ነበር፤ ሦስት ሰው፣ አንዲቱ የምታነክስ፣ አንዲቱ የምታለቅስ። የምታለቅሰው እኔ ነኝ።

ራምላን ድንጋያቸው ላይ አስቀመጧት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

“አበሉ ስንት ነው?”

“የለም” አልኩ።

“ምሳ ይሰጣሉ?”

“ቆሎ ይዘን ነበር።”

“ያሸነፈውስ?”

ሜዳሊያ አልኳቸው። ወርቅ ነው ወይ አሉ። አይደለም አልኩ። ባዶውን ሜዳ አዩ፣ የራምላን እግር አዩ፣ ጫማዬን አዩ።

“መንግሥት ያለ አበል እንዲህ አይደክምም” አሉ። “አምኜሻለሁ።”

አንቺ አሉኝ። ከእርስዎነት ወረድኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሹመት አግኝቼ አላውቅም።

መካከለኛው ተረፈ። አሁን እተኛለሁ።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

ኦብሳ ቤተ መጻሕፍት መጣ። መጽሐፍ ሊወስድ መስሎኝ ደስ አለኝ።

አባቱ ከእሑድ ወዲህ እህል አልቀመሱም ማለት ይቻላል። ላይኛው እርከን ላይ፣ ያ ቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ቁጭ ብለው ይውላሉ። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም፤ ማንም እንዲገባበት አልተሠራም። መንግሥት ሊወስደው ነው ብለው ሲነቅሉ ብልህ ሰው ነበሩ። አሁን ለጨዋታ የነቀሉ ሰው ናቸው። ይህንን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። እንዲያምኑኝ ስለምናቸው ነበር የከረምኩት። አመኑኝ።

ኦብሳ ሊሄድ ተነስቶ ቆመ። ሌላም አለ አለ። ዛሬ ጠዋት አባቱ መካከለኛው እርከን ላይ ገመድ ወጥረዋል። የቤት መሠረት ልክ።

ለምን? አልተናገሩም።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

ብቻዬን ሄድኩ። መነጽሬን አድርጌ፤ ካላየሁ ገደል እገባለሁ።

ኦቦ ዩያ ካቡ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጎናቸው ቦታ አሳዩኝ። ከላይ እስከ ታች ሰፈሩን በእጃቸው አሳዩኝ። ቀይ አፈር። እዚህ አንድ፣ እዚያ ማዶ አንድ፣ ከወንዙ ወዲህ ሌላ። ቋሚ የተተከለበት፣ ጭቃ የተመረገበት፣ ቆርቆሮ የሚጠብቅ።

እንዳመኑኝ ደገሙልኝ። ሐሰት የለብሽም አሉ። ግን እነዚህ ሰዎች አንቺን አይተው አይደለም የነቀሉት፣ ጨርቁንም አይተው አይደለም። እኔን አይተው ነው። አሁን እኔ ባቆም ምን ይላሉ? ዩያ አስነቀለን፣ የራሱን ሁለት እርከን አስቀርቶ። ልጁ ሹክ ብሎት ነው ይላሉ። ጨዋታ ነበር ብላቸውማ የባሰ ነው።

“እነሱ ከስረው እኔ ጫቴን ለቅሜ ልሸጥ? በዚህ ሰፈር? ከጎረቤት ጋር መክሰር ሰርግ ነው፣ ልጄ።”

ስለዚህ መካከለኛውን ይነቅላሉ። ከዚያም ታችኛውን። ምንም እንደማይመጣ እያወቁ። ማንም ላይመጣ፣ ካሳ ላይከፈል፣ ከሰው ላለመለየት።

የማነበው ነገር ሁሉ የሰው ልጅ እውነቱን ካወቀ ይድናል ይላል። መጻሕፍቱን ሁሉ ይዤ ወደዚህ ካብ ብመጣ ደስ ይለኝ ነበር።

እኔ ልንገራቸው አልኩ። ለሁሉም፣ በአንድ ላይ። ማሳ ለማሳ ብትዞሪ ሌላ ለኪ መጣች ይላሉ አሉ። ታዲያ የት? ወደ እኔ ሳያዩ፣ ጁምዓ ሁሉም አንድ ቦታ ነው አሉ። እኔ ይዤሽ አልቆምም። ኦብሳም አይቆምም፤ ልጅ የአባቱን ስሕተት በሰጋጁ ጀመዓ ፊት አይናገርም። ይህን ብለው ገመዱን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። እስከ ጁምዓ አስር ሰላት ዶማ አላነሳም አሉ።

ኢንሻአላህ አላሉም።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ኢማሙን ኦብሳ አነጋግሯል። ከሰላት በኋላ ከግቢው አጥር ውጭ፣ ሰዉ ሲወጣ ልቆም ተፈቅዶልኛል። ነጠላዬን ሳጥን ውስጥ አስገብቼ ሻርፕ አወጣሁ፤ ከዚያ ሻርፑን አስገብቼ ነጠላዬን አወጣሁ። ሌላ ሰው መስዬ ብሄድ ምን ይጠቅመኛል።

ሻ/ል ዩኒፎርሜን ለብሼ ከጎንሽ ልቁም አሉ። ሦስታችንም በአንድ ቃል አይሆንም አልን። ደንገጥ አሉ፤ ከዚያ ገባቸው፣ አዘኑ። ከሩቅ ይቆማሉ።

ራምላ በምርኩዝ መጥታ ትተረጉማለች። የምትናገሪውን አስቀድመሽ ንገሪኝ አለች። ጻፍኩት። መግለጫ ይመስላል። ቀደድኩት፣ እንደገና ጻፍኩ። አሁንም መግለጫ ይመስላል። ራምላ ተዪው፣ እኔ ነኝ የሰቀልኩት በይ፣ ከዚያ የሚሰድቡሽን ስሚ፣ ስድቡን አልተረጉምልሽም አለች። ወላሂ እንዳትዪ፣ ያንቺ አይቆጠርም። ማርያምን ልበል አልኳት። እሱም አይቆጠርም አለች።

እነሱም የዛፉን ጥያቄ ይጠይቁኛል። ዛፋችሁ ወረቀቱ ላይ የተሣለው እንዳንጠፋ ነው እላለሁ። ይስቃሉ። ቢሮው ምን አለ ይሉኛል። ዕቅድ የለም አለ፣ ለጊዜው እላለሁ። ለጊዜው የሚለውን ልተወው አስቤ ነበር። ልተወው አልችልም። እዚያ ላይ ከዋሸሁ ሌላው ሁሉ ውሸት ይሆናል። እሱን ካልኩ ደግሞ ሌላውን የሚሰማ ላይኖር ይችላል።

ካመኑኝ የነቀሉትን ሁሉ በእኔ ላይ ይቆጥሩታል፤ ኦቦ ዩያም ከእነሱ ጋር ሆነው ይቆጥሩብኛል፣ ያኔ ማቆም ይችላሉ። ካላመኑኝ ከአስር ሰላት በኋላ መካከለኛው ይነቀላል። ሌላ የማውቀው መንገድ የለም። አለቃዬን የነገ ፈቃድ ጠየቅኋት። ምክንያት አለች። የግል አልኩ። ፈረመች።

ሰባት ሰዓት ላይ ይወጣሉ። ቀድሜ አጥሩ ጋ እቆማለሁ፣ የመጀመሪያው ሰው ጫማውን ሲያጠልቅ እጀምራለሁ።